የትንሽ ዲጂታል ካሜራ ፎቶ ጥራት ሲጓደል ምክንያቱን ለይቶ ማስተካከል

በኪስ የምትያዝ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ያነሳችው ፎቶ ሲደበዝዝ፣ ሲጠቁር ወይም ቀለሙ ሲዛባ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ፍርድ «ካሜራዋ ተበላሽታለች» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ወይ ካሜራዋ መሳቢያ ውስጥ ተረስታ ትቀራለች፣ ወይ ደግሞ ሜኑው ውስጥ ተገብቶ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይቀያየርና የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ ለማወቅ ያስቸግራል። በእኔ እምነት ችግሩ ላይ በቶሎ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ካሜራዋን በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ ከእጅ ንቅናቄ ነፃ አድርጎ መፈተንና ጤነኛ መሆኗን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎም የተበላሸውን ፎቶ አጉልቶ እያዩ የብልሽቱን ዓይነት መለየት፣ በመጨረሻም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ እንደገና ማንሳት ነው።

ካሜራዋን መፈተን

ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ሴቲንጉን ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ይመልሱ። በሜኑው ውስጥ «ሪሴት» የሚለው ትእዛዝ ይህን ያደርጋል። በተለይ ካሜራዋ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣች ወይም ያገለገለች ሆና የተገዛች ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደው አነስተኛ የፎቶ መጠን ወይም የብርሃን ማካካሻ (ፎቶውን ሆን ብሎ የሚያደምቅ ወይም የሚያጨልም ሴቲንግ) ሳይታወቅ ለወራት ፎቶ ሲያበላሽ ሊቆይ ስለሚችል ይህ እርምጃ ሊዘለል አይገባም። ባትሪውንም ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ያድርጉ።

ከዚያም አንድ ጋዜጣ ሁለት ገጹን ዘርግተው ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርገው ይለጥፉ። ቦታው ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት፣ ነገር ግን ደህና ብርሃን ያለው በረንዳ ቢሆን፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ካሜራዋን ጋዜጣው ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላ ድረስ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ድረስ አስጠግተው በጠረጴዛ ወይም በመጻሕፍት ቁልል ላይ ያስቀምጧት፤ ፍላሹ ይጥፋ፣ ዙሙ አይነካ፣ የፎቶው መጠን ደግሞ ትልቁ ይሁን። ማንሻውን በጣት መጫን በራሱ ካሜራዋን ስለሚያነቃንቅ፣ ሴልፍ ታይመር የሚባለውን ከ2 ወይም ከ10 ሰከንድ በኋላ የሚያነሳ አማራጭ ይጠቀሙ።

ፎቶውን በካሜራዋ ስክሪን ላይ ብቻ አይተው እንዳይፈርዱ፤ በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ብዥ ያለ ፎቶ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያልና። ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠው በሙሉ መጠኑ ይክፈቱት፣ መጀመሪያ መሐሉን ቀጥሎም አራቱን ማዕዘኖች ይመልከቱ። የአማርኛ ፊደል ለዚህ ፈተና በጣም የሚመች ነው፤ «ሰ» ከ«ሱ» የሚለየው በጎኑ በምትወጣ አጭር መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ያቺ መስመር በመሐልም በማዕዘንም ተለይታ ከታየች ሌንሱና ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው የውስጥ አካል፣ ሥራቸውን እየሠሩ ናቸው ማለት ነው። ማዕዘኖቹ ከመሐሉ ጥቂት መለስለሳቸው በትንሽ ካሜራ ላይ የተለመደ ስለሆነ አያስጨንቅም። አራቱም ማዕዘኖች እኩል ካልሆኑና፣ ለምሳሌ የግራው ጎን ብቻ ፊደሉ እስኪጠፋ ከደበዘዘ፣ ካሜራዋ በትክክል ከጋዜጣው ፊት ለፊት መሆኗን አረጋግጠው ሙከራውን ይድገሙት።

ይህን ፈተና ያለፈች ካሜራ ጤነኛ ናት፤ ቤት ውስጥ ወይም ማታ የምታበላሸው ፎቶ መፍትሔው በብርሃንና በአነሳስ ላይ ስለሆነ ቀጣዩን ክፍል ዘልለው ወደ ብዥታው መሄድ ይችላሉ።

ፈተናው ካልታለፈ፦ ሌንሱና የውስጥ አካሉ

ገጹ በሙሉ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ፣ ጥቁሩ ፊደል ግራጫ ከሆነና በመብራት ዙሪያ የብርሃን ክብ ከታየ፣ ቀዳሚው ተጠርጣሪ በሌንሱ ላይ ያረፈ የጣት አሻራ ነው። ትንንሽ ካሜራዎች ሲጠፉ ሌንሳቸው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ሰው አይቆሽሽም ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ሲያቀብሉ ጣት የሚያርፈው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ካሜራዋን አብርተው ሌንሱ ሲወጣ ወደ መብራት አቅጣጫ ዘንበል አድርገው ይመልከቱት፤ አሻራው ያብረቀርቃል። በመጀመሪያ አቧራውን በጎማ መንፊያ ያስወግዱ፣ ምክንያቱም ደቃቅ አሸዋ ባለበት የተወለወለ ሌንስ ይጫጫራል። ቀጥሎም ለመነጽር የሚያገለግለውን ለስላሳ ጨርቅ ይዘው ከመሐል ወደ ዳር በክብ እንቅስቃሴ ሳይጫኑ ይጥረጉ። የሸሚዝ ጫፍ፣ ሶፍት፣ ሳኒታይዘር፣ ሽቶና የመስኮት ማጽጃ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የሚወጣውን የሌንስ ቱቦ ሲያጸዱ ወደ ውስጥ መግፋትም ውስጡ ያለውን ጥርስ ሊሰብር ይችላል።

ጭጋጉ ከጣት አሻራ ካልሆነ ጤዛ ሊሆን ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ይህን በሚገባ ያውቁታል፤ በበጋ ከኤር ኮንዲሽን ክፍል ወደ ውጭ ሲወጡ በቀዘቀዘው መስታወት ላይ እርጥበት ወዲያው ያርፋል። በደጋም አገር በውርጭ ማለዳ ውጭ የቆየች ካሜራ ሰው ወደ ሞላበት ሞቃት ክፍል ስትገባ እንዲሁ ትሆናለች። መፍትሔው ከመውጣት ወይም ከመግባት በፊት ካሜራዋን በላስቲክ ከረጢት አሽጎ ከአዲሱ ሙቀት ጋር እስክትስማማ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ ነው። ጤዛ በራሱ ይጠፋል። በክረምት በእርጥብ ቁም ሣጥን የተቀመጠ ሌንስ የሚያበቅለው ሻጋታ ግን ድር መስሎ ይዘረጋል፣ የሌንሱንም ስስ ሽፋን ስለሚበላ በጊዜ ካልተደረሰበት ምልክቱ አይለቅም። ከአዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ከካሜራዋ ጋር ማስቀመጥ ለዚህ ይረዳል።

በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ደብዘዝ ያለ ጥቁር ነጥብ ከታየ አቧራው ያለው ሴንሰሩ ላይ ነው። ለማረጋገጥ ዙሙን እስከ መጨረሻው አውጥተው ጥርት ያለ ሰማይ ያንሱ፣ ቀጥሎም ካሜራዋን ገልብጠው ይድገሙት፤ ነጥቡ በፍሬሙ ውስጥ ቦታውን ካልለወጠ ጥርጣሬው ትክክል ነው። ይህን ለማጽዳት ካሜራዋ መከፈት አለባት፤ እባክዎ ቤት ውስጥ በብሎን መፍቻ አይሞክሩት። ለፍላሹ ኃይል የሚያከማቸው ካፓሲተር ባትሪው ከወጣም በኋላ እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላልና ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት።

አንዱ ጎን ብቻ የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ ካሜራዋ ወድቃ ሌንሱ ከመሐሉ ሲዛነፍ ነው። በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር አይደለም፣ ጥገናውም ብዙ ጊዜ ካሜራዋ ራሷ ከምታወጣው ዋጋ ስለሚበልጥ ገንዘቡን ለሌላ ካሜራ ማዋል ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ገደማ የተሠሩ ካሜራዎች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሶኒ ያመረታቸውና ብዙ ድርጅቶች የተጠቀሙባቸው ሲሲዲ የሚባሉ ሴንሰሮች በሙቀትና በእርጥበት የሚባባስ ብልሽት እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቆ፣ ሶኒን ጨምሮ ካነን፣ ኒኮንና ፉጂፊልም በነፃ ለመጠገን ማስታወቂያ አውጥተው ነበር። ምልክቱ ፎቶው ወይን ጠጅ ቀለም ለብሶ በአግድም መስመሮች መዥጎርጎሩ ወይም ጭራሹን ጥቁር መሆኑ ነው። አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ዳግመኛ በወጣቶች ዘንድ ተፈላጊ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ የዚያን ዘመን ካሜራ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ፎቶ አንስቶ ይህን ምልክት ቢያጣራ ይጠቀማል።

ብዥታ

ጤነኛ ካሜራ የምታነሳው ብዥ ያለ ፎቶ ምንጩ ከሦስት አንዱ ነው፤ እነሱም የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የተነሽው መንቀሳቀስና የፎከስ መሳት ናቸው። ሦስቱም መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ፎቶውን አጉልቶ «ጥርት ያለ ነገር የትም አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ማታ ሳሎን ውስጥ ቡና እየተቀዳ የተነሳ አንድ ፎቶ እንውሰድ። ቡና የምትቀዳው ልጅ የቀሚሷ ጥለት፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ክር ሳይቀር ተለይቶ ከታየና ጀበናውን የያዘው እጇ ብቻ ከተንሸራተተ፣ ካሜራዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ የተንቀሳቀሰው እጁ ነው። ጥለቱም፣ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት የስኒዎቹ ጠርዞችም፣ የግድግዳው ሰዓትም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተቱ ወይም ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታዩ ከሆነ የተንቀጠቀጠው የእርስዎ እጅ ነው። ልጅቱ ደብዝዛ ከበስተኋላዋ ያለው መጋረጃ ሽመናው ሳይቀር ከታየ ደግሞ ፎከሱ አልፏት ሄዷል።

የእጅ መንቀጥቀጥን በቁጥር መለየትም ይቻላል። ካሜራዎች ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ተከፍቶ የቆየበትን ጊዜ፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ስሜት የሚለካውን ቁጥር)ና የዙሙን ልክ አብረው ስለሚመዘግቡ፣ ፎቶውን በካሜራዋ እያዩ «ዲስፕ» ወይም «ኢንፎ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ወይም በኮምፒዩተር የፋይሉን ፕሮፐርቲስ ሲከፍቱ ያገኙታል። ከዱሮ ጀምሮ ፎቶ አንሺዎች የሚከተሉት ልማድ፣ በእጅ ተይዞ ሲነሳ የሹተሩ ጊዜ 1 ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት (በሚሊ ሜትር) ተካፍሎ ከሚገኘው የሰከንድ ክፍልፋይ እንዳይረዝም ነው። ለምሳሌ ዙም ሳይደረግ፣ ማለትም በፊልም ካሜራ ልክ 28 ሚሊ ሜትር በሚሆነው አቀማመጥ፣ የአንድ ሰከንድ 1/30 ይበቃል፤ ዙሙ ተስቦ 140 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ከ1/140 የዘገየ ሹተር አደጋ አለው። የተመዘገበው ቁጥር 1/8 ወይም 1/15 ከሆነ ጥፋቱ የእጅ መንቀጥቀጥ ነውና ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም።

የምስል ማረጋጊያ ያላት ካሜራ ከዚህ ልክ በዘገየ ሹተርም ልትሠራ ትችላለች፤ ይሁን እንጂ ማረጋጊያው የሚረዳው የእርስዎን እጅ ብቻ ስለሆነ እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ለሚሮጥ ሕፃን ቢያንስ 1/250፣ ለእስክስታ ደግሞ ከዚያም የፈጠነ ሹተር ያስፈልጋል። የስፖርት ወይም የልጆች ምልክት ያለበት አማራጭ ሹተሩን የሚያፈጥነው ለዚህ ነው። እጅን ለማረጋጋት ክርንን ከጎን ጋር ማጣበቅ፣ በር መቃን ላይ መደገፍ፣ ማንሻውንም በድንገት ከመምታት ይልቅ በዝግታ መጫን ብዙ ለውጥ ያመጣል። ካሜራዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በታይመር ማንሳት ደግሞ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ለሌለው ሰው ከሁሉ የተሻለ ነው።

ፎከሱን በተመለከተ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ማንሻውን በአንድ ትንፋሽ እስከ ታች በመጫን ነው። ማንሻው ሁለት ደረጃ አለው። ግማሽ ድረስ ሲጫን ካሜራዋ ፎከስ ትፈልጋለች፣ ስታገኘውም አረንጓዴ ሳጥን ታሳያለች ወይም ድምፅ ታሰማለች፤ እስከ ታች መጫን የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ሳጥኑ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ፎከሱ አልተገኘም ማለት ነውና ልቀቁትና እንደገና ይሞክሩ። ካሜራዋ ፎከስ የምታገኘው የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ካለበት መስመር ላይ በመሆኑ፣ ባዶ ነጭ ግድግዳ ወይም አንድ ወጥ የሆነ ጋቢ ላይ ስታነጣጥር ትዋልላለች። በዚህ ጊዜ በተመሳሳይ ርቀት ላይ ያለውን ጥለቱን ወይም የዓይን ሽፋሽፍትን ይዘው፣ ማንሻውን በግማሽ እንደተጫነ አቆይተው፣ ፍሬሙን ወደሚፈልጉት ቦታ ይመልሱ። በጣም ቀርቦ ማንሳት ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ የጌጥ ወይም የሰነድ ፎቶ ሲሆን፣ የአበባ ምልክት ያለውን ማክሮ ይክፈቱ። ማክሮ የሚሠራው ዙም ሳይደረግ እንደሆነ አይዘንጉ፤ ዙም በተሳበ ቁጥር ካሜራዋ ፎከስ የምታደርግበት ዝቅተኛ ርቀት ይጨምራል።

የብርሃን እጥረትና ነቁጦች

ትንሽ ካሜራ ቤት ውስጥ የምትቸገርበት ዋናው ምክንያት የሴንሰሯ ስፋት ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በባለሙያዎች ትልቅ ካሜራ ውስጥ ያለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስፋት ሲሰላ ልዩነቱ ወደ 30 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ብርሃን ሲያንስ ካሜራዋ ከሁለት ክፉ አንዱን ትመርጣለች፤ ወይ ሹተሩን አዘግይታ ፎቶውን ታንቀጠቅጠዋለች፣ ወይ አይ ኤስ ኦውን ከፍ አድርጋ ጥላ ያለበትን ቦታ ሁሉ ባለቀለም ጥቃቅን ነቁጦች ትሞላዋለች። ነቁጦቹን ለማጥፋት ካሜራዋ በራሷ የምታደርገው ማለስለስ ደግሞ ጥፋቱን ያባብሳል፤ ፊቱን አጉልተው ሲያዩ የቅንድቡና የሹሩባው ክር ተዋሕዶ የተቀባ ቀለም ይሆናል።

በእንዲህ ዓይነቷ ካሜራ አይ ኤስ ኦ እስከ 400 ድረስ ደህና ነው፤ 800 ላይ ጉዳቱ ይታያል፣ 1600ና ከዚያ በላይ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ የሚደፈር ነው። ሜኑው የአይ ኤስ ኦ ጣሪያ ለመወሰን የሚፈቅድ ከሆነ 800 ላይ ያቁሙት። ነገር ግን በብዥታና በነቁጥ መካከል መምረጥ ግድ ከሆነ ነቁጡን ይምረጡ፤ ነቁጥ በኮምፒዩተር ሊቀነስ ይችላል፣ ፎቶው አነስ ብሎ ሲታጠብም ይጠፋል፣ የተንሸራተተ ፊት ግን መልሶ የሚያጠራው የለም።

ከሁሉ ሴቲንግ በፊት ብርሃኑን ራሱን መጨመር ይቀድማል። መጋረጃውን መክፈት፣ ሰዎቹን ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙሮ ማስቀመጥ፣ ሌላ አምፖል ማብራት ሹተሩን በእጥፍ ሊያፈጥን ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ዙም በተሳበ ቁጥር በሌንሱ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። ዙም ሳይደረግ ኤፍ 2.8 የነበረ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ሌንስ ተስቦ ኤፍ 5.6 ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የቀድሞው ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥና ማታ ዙሙን ትተው ወደ ሰዎቹ ይጠጉ፤ ይህ አንድ ልማድ ብቻውን የብዙ ቤተሰብ የማታ ፎቶዎችን ሊታደግ ይችላል።

ፍላሽ

የትንሽ ካሜራ ፍላሽ ጉልበቱ ከ3 እስከ 4 ሜትር ያህል ነው፤ ዙም ሲሳብ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። በአዳራሽ ሠርግ ከኋላ ወንበር ሆኖ በፍላሽ ማንሳት ከፊት ያሉትን ጀርባዎች አንጥቶ ሙሽሮቹን ጨለማ ውስጥ ይተዋቸዋል። ቤተሰብ ሲነሳም ሰዎቹ ከካሜራዋ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ እንዲሆን ማድረግ ይገባል፤ አለዚያ ፊት የተቀመጠው ሕፃን ነጭ፣ ኋላ የቆሙት አያት ጥቁር ሆነው ይወጣሉ።

ቡና ሲፈላ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ፍላሽ ሲበራ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ብርሃኑ ለሌንሱ ቅርብ በሆነው ጭስ ላይ አርፎ ስለሚመለስ ፎቶው በሙሉ ነጭ መጋረጃ ይለብሳል፤ በአቧራማ ግቢ ደግሞ ክብ ክብ ነጫጭ ኳሶች ይታያሉ። ጭሱ እስኪሳሳ መጠበቅ ወይም ፍላሹን አጥፍቶ በመስኮት ብርሃን ማንሳት ይበጃል። መስታወት ያለበትን የተሰቀለ ፎቶ ወይም ሥዕል ሲያነሱ ጥቂት ወደ ጎን ዞር ይበሉ፣ ፍላሹ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ። በቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ጊዜ ማንሳት የተፈቀደ እንኳ ቢሆን ፍላሹ መጥፋት አለበት፤ የሚጸልየውን ሰው ያውካልና።

የጠቆረ ፊትና የነጣ ነጠላ

ካሜራዋ ብርሃንን የምትለካው ፊቷ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብላ በመገመት ነው። ይህ ግምት በጥምቀት ዕለት ክፉኛ ይሳሳታል። ፍሬሙን ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ሲሞላው ካሜራዋ ብርሃን የበዛ ይመስላትና ፎቶውን ታጨልማለች፤ ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ፊቶቹ ደግሞ ገጽታቸው እስኪጠፋ ይጠቁራሉ። እርማቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን የብርሃን ማካካሻ ወደ መደመር በኩል፣ ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ማንሳት ነው። ጥቁር ካባ የለበሱ ሰዎች ወይም ጨለማ መድረክ ፍሬሙን ሲሞላ በተቃራኒው ወደ መቀነስ ይወርዳል።

አስቸጋሪው ጠይም ፊትና ነጭ ጋቢ በቀትር ፀሐይ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ትንሿ ሴንሰር ሁለቱንም መያዝ ስለሚያቅታት አንዱ መሥዋዕት ይሆናል። እኔ ሁልጊዜ ፊቱን እመርጣለሁ፤ የጋቢው ነጭ ጥቂት ቢቃጠል ማንም አይጎዳም፣ የእናት ፊት ከጠፋ ግን ፎቶው ምን ይሆናል? የሚቻል ከሆነ ሰዎቹን ወደ ዛፍ ወይም ወደ ጃንጥላ ጥላ ሙሉ በሙሉ ማስገባት ልዩነቱን ያጠባል። ካልተቻለም በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ፍላሹን በግድ እንዲበራ አድርገው ከ2 ሜትር ያህል ርቀት ያንሱ፤ ከቆብና ከሻሽ በታች ያለውን ጥላ ይሞላዋል። መስኮት ከኋላው ላለ ሰውም መፍትሔው ይኸው ነው። ካሜራዋ ፊት ለይታ የምትለካበት አማራጭ ካላትም ይክፈቱት። ከሠሩ በኋላ የብርሃን ማካካሻውን ወደ ዜሮ መመለስ እንዳይረሳ፤ ብዙ ካሜራዎች ሲጠፉም ያቺን ቁጥር እንደያዙ ይቆያሉ።

ቀለሙ ሲዛባ

የተለመደው የክር አምፖል ብርሃን ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ብርቱካናማ ያደላል)፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ 5,500 ኬልቪን ገደማ ነው። ዓይናችን ልዩነቱን ወዲያው ይለምደዋል፣ ካሜራዋ ግን ዋይት ባላንስ በሚባለው ሴቲንግ መታገዝ አለባት። ፎቶው ብርቱካናማ ከሆነ የአምፖል ምልክት ያለበትን፣ በጥላ ሥር ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ የደመና ምልክቱን ይምረጡ። ከሁሉ የሚታመነው «ከስተም» የሚባለው ነው፤ ሰዎቹ በሚቀመጡበት ቦታ ነጭ ወረቀት ይዘው፣ ወረቀቱ ፍሬሙን እንዲሞላ አድርገው ይለኩበታል። የመስኮት ብርሃንና አምፖል በአንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ግን የትኛውም ሴቲንግ ሁለቱን አያስታርቅምና አምፖሉን ያጥፉት።

በሸምበቆ (ፍሎረሰንት) መብራት ሥር በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎች አንዱ ቢጫ አንዱ አረንጓዴ ከሆኑ ወይም አግድም ጥላ ከታየባቸው፣ መብራቱ ራሱ እየተርገበገበ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለሆነ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፤ ሹተሩ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ሲሆን ችግሩ ይጠፋል። ከአሜሪካ የመጣች ካሜራ ለ60 ሄርዝ ተዘጋጅታ ሊሆን ስለሚችል፣ በሜኑው ውስጥ ይህ ምርጫ ካለ ወደ 50 ይለውጡት።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ የሚጠፋ ጥራት

ግማሹ ግራጫ የሆነ ወይም የማይከፈት ፎቶ የሌንስም የብርሃንም ጉዳይ አይደለም፤ የሜሞሪ ካርዱ ነው። በገበያ ላይ ከተጻፈባቸው መጠን በጣም ያነሰ የሚይዙ ሐሰተኛ ካርዶች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች በሰላም ተቀብለው እውነተኛው መጠናቸው ሲሞላ የቀሩትን ያበላሻሉ። አዲስ ካርድ እንደገዙ ከኮምፒዩተር ትልልቅ ፋይል ገልብጠው እስኪሞላ ይጫኑበትና መልሰው ይክፈቷቸው፤ ለሠርግ ከመውጣት በፊት ይህን ማድረግ ብዙ ሐዘን ያስቀራል። ፎቶ የጠፋበት ካርድ ላይ ሌላ ፎቶ አያንሱ፣ ፎርማትም አያድርጉት፤ በማዳኛ ፕሮግራም የሚገኝ ነገር ሊኖር ይችላል። በደህናው ጊዜ ደግሞ ፎቶዎቹን ከገለበጡ በኋላ ካርዱን በካሜራዋ ራሷ ፎርማት ማድረግ ይመከራል።

ዲጂታል ዙም የሚባለውን በሜኑው ውስጥ ገብተው ለዘለቄታው ያጥፉት። ሌንሱን አያንቀሳቅስም፤ የፎቶውን መሐል ቆርጦ መለጠጥ ብቻ ነው ሥራው። 16 ሜጋፒክስል የሆነች ካሜራ በ4 እጥፍ ዲጂታል ዙም ስታነሳ የሚቀራት 1 ሜጋፒክስል ብቻ ነው።

በመጨረሻም ካሜራዋ ላይ ጥርት ያለው ፎቶ ስልክ ላይ ሲደርስ ከደበዘዘ፣ ያሳነሰው የላኩበት መተግበሪያ ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ፎቶን እንደ ፎቶ ሲላክ አሳንሰውና ጨምቀው ያደርሱታል፤ በቴሌግራም «ፋይል»፣ በዋትስአፕ ደግሞ «ዶክመንት» የሚለውን መርጠው ከላኩት እንዳለ ይደርሳል። ወደ ፎቶ ቤት ለማሳጠብ ሲሄዱም ካርዱን ወይም ከካርዱ በቀጥታ የተገለበጠውን ፋይል ይውሰዱ። በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ጥርት ብሎ ለመታጠብ 1,200 በ1,800 ፒክስል፣ ማለትም ከ2 ሜጋፒክስል ጥቂት ከፍ ያለ ይበቃል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ግን ወደ 8.5 ሜጋፒክስል ስለሚያስፈልግ፣ የፎቶው መጠን ከማንሳትዎ በፊት ትልቁ ላይ መሆን አለበት።